አረንጓዴው ሻጋታና የጭዱ ዘበኛ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ ከፊቱ ቆመው የሣቁ ጓደኞች እንደነበሩ ሰምተናል። «አገር በስንት ጉዳይ ተወጥራ ሳለ ስለ ሻጋታ ጉባኤ ይጠራል ወይ?» ያሉም አሉ ይባላል። እኛ በሣቁት አንቀየምም። ይሁን እንጂ ከሣቁት መካከል የሻገተ እንጀራ ቀርቦላቸው ጠረጴዛ የደበደቡ እንዳሉ እናውቃለንና፥ ጉዳዩ ፈጽሞ እንግዳ ነው ለማለት አይቻልም።

ልንነግራችሁ የመጣነው ግን ስለ እንጀራ ሻጋታ አይደለም። በከተማችን በየሰፈሩ፥ በቆርቆሮ ክዳንና በጭቃ ግድግዳ ክፍሎች ውስጥ እንጉዳይ እያበቀሉ ለመኖር ስለሚጥሩ ወጣቶችና እናቶች፥ ድካማቸውንም በአንድ ሳምንት ስለሚያጠፋባቸው አረንጓዴ ሻጋታ ነው። ይህንንም ሻጋታ በመርዝ ሳይሆን በባክቴሪያ ለመከላከል ስለሚቻልበት መንገድ ያነበብነውንና ያሰብነውን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እንጉዳይ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ክረምት ሲገባ በየሜዳው ብቅ የሚለው፥ ልጆች ሳለን «የጅብ ጥላ ነው፥ አትንኩ» እየተባልን የተከለከልነው ነገር ነው። ክልከላው ጥበብ ነበረበት፤ መርዘኛውን ከሚበላው ለይቶ የማያውቅ ሰው የዱር እንጉዳይ ባይነካ ይሻለዋል። በቤት የሚመረተው ግን ዘሩ ታውቆ የሚዘራ ነው። በአገራችን በብዛት የሚመረተው ኦይስተር የሚባለው ዓይነት ሲሆን፥ አሠራሩም እንዲህ ነው። የጤፍ ወይም የስንዴ ጭድ፥ አንዳንድ ጊዜም የቡና ገለፈት፥ በውኃ ይነከርና በበርሜል ይቀቀላል። ሲበርድም በላስቲክ ከረጢት እየተጠቀጠቀ በየመካከሉ የእንጉዳይ ዘር ይነሰነስበታል። ዘር የሚባለው በተቀቀለ እህል ላይ እንዲያድግ የተደረገው የእንጉዳዩ ነጭ ድር ነው። ከረጢቱ በጨለማ ክፍል ሁለት ሦስት ሳምንት ይቀመጣል፤ ድሩም ጭዱን ሁሉ አልብሶ ከረጢቱ እንደ ባዘቶ ሲነጣ ላስቲኩ ይቀደዳል፥ ውኃም ይርከፈከፍበታል፥ እንጉዳዩም ይወጣል። የምንበላው ፍሬውን ብቻ ነው፤ ዋናው እንጉዳይ በጭዱ ውስጥ ተሰውሮ ያለው ድር ነው። ይህን ነገር በአእምሮአችሁ ያዙልን፥ ኋላ ይጠቅመናል።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከመካከላችን አራት ሆነን በከተማው ዳርቻ ያለ አንድ የእንጉዳይ ቤት ለማየት ሄደን ነበር። ቤቱን የሚያስተዳድሩት እናት «ግቡ ልጆቼ» ብለው ከተቀበሉን በኋላ፥ በመደርደሪያ ላይ የተሰለፉትን ነጫጭ ከረጢቶች አሳዩን። ከዚያ ወደ ማዕዘኑ ወሰዱን። በዚያ የተከመሩት ከረጢቶች ግማሽ አካላቸው ጎመን የተቀቀለበት ውኃ የፈሰሰባቸው ይመስል ነበር። «ጠላቴ ይኸውላችሁ» አሉን። ከዚያም ገበያ ላይ ለቲማቲምና ለድንች በሽታ የሚሸጥ ዱቄት እንዳለ ሰው እንደ ነገራቸው አጫወቱንና «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፥ ልርጨው ወይስ ይቅርብኝ?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም «እማማ፥ ይቆይዎት፤ አጥንተን እንመለሳለን» አልናቸው። የዛሬው ንግግር የተወለደው ከዚያ ጥያቄ ነው።

አረንጓዴው ሻጋታ ስሙ ትሪኮደርማ ይባላል። በአፈር፥ በበሰበሰ እንጨት፥ በጭድ፥ በማንኛውም የተክል ቅሬት ላይ የሚኖር ፈንገስ ነው። መጀመሪያ ሲያድግ እርሱም ነጭ ስለሆነ የሚያታልል ነው፤ ባለቤቱ የእንጉዳዩ ድር እየተስፋፋ ነው ብሎ ደስ ይለዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ነጩ ነገር ድንገት ይለመልማል። ያ አረንጓዴ ቀለም የሻጋታው ብናኝ ዘር ነው፤ ቁጥር የሌለው ዘር ማለት ነው። በእጅ፥ በልብስ፥ በውኃ ፍንጣሪ፥ በዝንብና ዓይን በማያያቸው ተባዮች እየተሸከመ ከከረጢት ወደ ከረጢት ይሄዳል። ጭዱ ላይ ሲያርፍ የእንጉዳዩን ምግብ ይሻማል፤ የፈንገስን የሕዋስ ግድግዳ የሚያሟሙ ኤንዛይሞችንም ያመነጫል፤ እንጉዳዩን የሚያደነዝዙ ቅመሞችም አሉት።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አልፈለግንም። ይህ ትሪኮደርማ በእርሻ ሜዳ ላይ ጀግና ነው። የሰብልን ሥር የሚያበሰብሱ ሌሎች ፈንገሶችን ስለሚያጠቃ፥ ዘመዶቹ በፋብሪካ እየተባዙ ለገበሬ ይሸጣሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰሎሞን ደሴቶች የአሜሪካንን ሠራዊት የጥጥ ድንኳን እየበላ ያስቸገረውም ከዚሁ ወገን የሆነ ሻጋታ ነበር፤ ሊቃውንቱ ወስደው ቢመረምሩት ጥጥና ጭድ የሚያሟማው ኤንዛይሙ እጅግ ብርቱ ሆኖ ስለተገኘ፥ ዛሬ ኢንዱስትሪ የሚገለገልበት ሀብት ሆኗል። በሜዳ ጀግና፥ በፋብሪካ ሠራተኛ፥ በእንጉዳይ ቤት ግን ሌባ ነው። ወዳጅና ጠላት የሚባለው እንደየቦታው ነው ማለት ነው፤ ይህም ኋላ ስለ ባክቴሪያ ስንናገር ይመለስብናል።

ችግሩ የእኛ የድኾቹ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሻምፒኞን የሚባለውን ነጭ ክብ እንጉዳይ በታላላቅ ቤቶች የሚያመርቱት አገሮችም ተመተውበታል። በ1985 በሰሜን አየርላንድ እጅግ ክፉ የሆነ የትሪኮደርማ ዓይነት ታየ፤ ወደ ብሪታንያ ተሻገረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደግሞ በካናዳና የአሜሪካ እንጉዳይ ማዕከል በሆነችው በፔንሲልቫኒያ ተመሳሳይ ወረርሽኝ ተነሣ። መጀመሪያ ከቀድሞ ከሚታወቀው ዓይነት ጋር ተቀላቅሎ ይቈጠር ነበር፤ በ2002 ግን ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ተረጋግጦ ትሪኮደርማ አግሬሲቩም የሚል ስም ተሰጠው። ቃሉ «ተጋፊ» ማለት ነውና ስሙ ከግብሩ ጋር ይስማማል። በኦይስተር እንጉዳይ ላይ የሚመጡት ደግሞ ሌሎች ዘመዶቹ ናቸው፤ በጣልያንና በደቡብ ኮርያ ታላቅ ጉዳት አድርሰዋል።

እንግዲህ መድኃኒት ይረጭበታ! የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፥ መልሱ ግን ቀደም ብለን በአእምሮ ያዙልን ካልነው ነገር ላይ ነው። እንጉዳይ ራሱ ፈንገስ ነው። ሻጋታውም ፈንገስ ነው። የሁለቱም የሕዋስ ግድግዳ ኪቲን ከሚባል ነገር ተሠርቷል፤ የሁለቱም የሕዋስ ሽፋን ኤርጎስቴሮል የሚባል ቅባት አለው። ፈንገስ የሚገድል መርዝ በቲማቲም ላይ ሲረጭ ቲማቲሙ የሌላ ዓለም ፍጥረት ስለሆነ ይተርፋል፤ በእንጉዳይ ቤት ሲረጭ ግን ወንድምን ከወንድም መለየት አለበት። በአንድ ቤት ውስጥ ካሉት ሁለት ወንድማማቾች አንዱን ብቻ የሚገድል መርዝ ማግኘት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ መገመት አያቅትም። ስለዚህ በዓለም ላይ ለእንጉዳይ የተፈቀዱት የፈንገስ መድኃኒቶች በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ከእነርሱም ቤኖሚል የተባለው ብዙ ዓመት ሲረጭ ኖሮ ሻጋታዎቹ እየለመዱት ሄዱ፤ አምራቹም በ2001 ማምረቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ፕሮክሎራዝ የተባለው ሌላው ደግሞ በአውሮፓ እንጉዳይ ቤቶች ዋና መመኪያ ሆኖ ኖሮ በ2021 መጨረሻ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ፈቃዱ አበቃ።

ለእማማ ጥያቄ መልሳችን እንግዲህ «አይርጩ» የሚል ነው። ለቲማቲም የተሠራ ዱቄት ለእንጉዳይ አልተመዘነም፤ መጠኑም ከመረጨት እስከ መልቀም የሚቈየው ቀንም አልተወሰነለትም። እንጉዳይ ከበቀለ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ተለቅሞ ለገበያ ይቀርባል፤ ልጣጭም የለው። የተረጨው ሁሉ በቀጥታ ወደ ሰው አፍ ይሄዳል።

ታዲያ ማን ይርዳን? ከፈንገስ ወገን ያልሆነ፥ ፈንገስን ግን የሚያውቅ ጠላት ቢገኝ ነው። እርሱም ባክቴሪያ ነው።

ፍሌሚንግ በ1928 ሻጋታ ባክቴሪያን ሲያጠፋ አይቶ ፔኒሲሊንን ማግኘቱን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ሁላችንም ተምረናል። ጦርነቱ ግን በሁለት ወገን እንደሆነ ያስተማረን አልነበረም። ባክቴሪያዎችም በበኩላቸው ሻጋታን የሚያጠፉበት መሣሪያ አላቸው። በ1950 ኤልዛቤት ሄዘንና ሬቸል ብራውን የተባሉ ሁለት የኒው ዮርክ ሴቶች ሊቃውንት ከቨርጂንያ አፈር ከተገኘ ባክቴሪያ ኒስታቲን የተባለውን የፈንገስ መድኃኒት አገኙ፤ ዛሬም በየመድኃኒት ቤቱ ለሕፃናት የአፍ ቁስል ይሸጣል። ከዚህ ይበልጥ ወደ እኛ የሚቀርብ ምሳሌም አለ። ኢቱሪን የሚባለው ብርቱ የፀረ ሻጋታ ቅመም ስሙን ያገኘው ከኮንጎዋ ኢቱሪ ነው፤ ቅመሙን የሚሠራው ባክቴሪያ ከዚያ አፈር ነበርና የተወሰደው። የአፍሪካ አፈር መድኃኒት ለዓለም ሰጥቶ ስሙን ብቻ ማስቀረቱ ለእኛ ለተማሪዎች የሚነግረን ነገር አለ፤ ወደ እርሱ እንመጣለን።

ይህን ኢቱሪን የሚያመነጨው ባሲለስ ሰብቲሊስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ፈረንጆቹ በልማድ «የድርቆሽ ባሲለስ» ይሉታል፥ ድርቆሽ ተነክሮ ከሚቀመጥበት ውኃ ውስጥ በቀላሉ ስለሚገኝ ነው። ኤረንበርግ በ1835 አየው፥ ፈርዲናንድ ኮን በ1872 የዛሬ ስሙን ሰጠው። ይኸው ኮን በ1876 አንድ ትልቅ ነገር አስረዳ። ባክቴሪያው ችግር ሲመጣበት ስፖር የሚባል ጠንካራ ፍሬ ሆኖ ይተኛል፥ ድርቆሹም ቢፈላ አይሞትም። (ኮህ የአባ ሰንጋን ጀርም የሕይወት ታሪክ ያወጣው በዚያው ዓመት በኮን መጽሔት ላይ ነበር። የአባ ሰንጋ ጀርምና የድርቆሹ ባሲለስ ዘመዳሞች ናቸው፤ በዚህ አትደንግጡ፥ ከአንድ ቤተሰብ ወንበዴም ቄስም ይወለዳል።) አየርላንዳዊው ጆን ቲንዳልም በ1877 መፍትሔ አገኘለት። ዛሬ አሙቀው፥ እስከ ነገ ተወው፥ የተኛው ይነቃል፤ ነገ ደግመህ አሙቀው፥ የነቃው ይሞታል፤ በሦስተኛው ቀን ድገመው።

አሁን ይህን ሁሉ ወደ በርሜሉ እንመልሰው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ በበርሜል የሚቀቀል ጭድ የቱንም ያህል ቢንተከተክ ከዚያ አይዘልም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ቈጥሮ ያዝናል፤ «አውቶክሌቭ ብናገኝ፥ 121 ዲግሪ ብናደርሰው፥ ሻጋታ አይኖርም ነበር» ይላል። እኛ ግን ለጭድ ሲሆን ጉድለት አይደለም ባዮች ነን። በበርሜሉ ሙቀት ለጥቂት ሰዓት ሲቈይ የሻጋታው ዘር ይሞታል፤ የባሲለሱ ስፖር ግን ይተርፋል። መትረፍ ብቻም አይደለም፤ ሙቀቱ ራሱ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። ጭዱ ቀስ እያለ ሲበርድ ባሲለሱ ነቅቶ በየጭዱ ገጽ ላይ ይባዛል፥ በቀላሉ የሚገኘውን ስኳርም ይበላል፥ ቦታውንም ይይዛል። ኋላ ከእጅ ወይም ከነፋስ የሚመጣው የትሪኮደርማ ዘር ባለቤት ያለው ቤት ይጠብቀዋል። በ121 ዲግሪ የጸዳ ጭድ ግን ባለቤት የሌለው ቤት ነው፤ በሩ ከተከፈተ የመጀመሪያው ገቢ ይወርሰዋል። የመጀመሪያው ገቢ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከእንጉዳይ ይልቅ የሚፈጥነው ሻጋታ ነው። በሠለጠኑት አገሮች የሻምፒኞን ብስባሽ የሚሠሩት ሰዎችም ይህን ስለሚያውቁ ብስባሹን በ60 ዲግሪ ገደማ ለሰዓታት ካቈዩት በኋላ ወደ 45 እና 48 አውርደው ለቀናት ይይዙታል። ዓላማቸው ሁሉን መግደል አይደለም፤ ለእንጉዳይ የሚስማሙትን ጥቃቅን ነፍሳት ማሳደግ ነው።

እናቶቻችን ይህን ሕግ በሌላ ስም ያውቁታል። ሊጥ ሲቦካ እርሾ የሚጨመርበት ምክንያት ምንድን ነው? ሊጡ ያለ እርሾም መቡካቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ማን እንደሚያቦካው አይታወቅም። እርሾው የታወቀውን ወገን አስቀድሞ በብዛት ያስገባል። በጭድ ላይም የሚፈለገው ይኸው ነው፤ የታወቀና የተመረጠ ባሲለስ እንደ እርሾ መጨመር።

ባሲለሱ እንዴት እንደሚዋጋ በአጭሩ እንንገራችሁ። ኢቱሪንና ፈንጂሲን የተባሉት ቅመሞቹ እንደ ሳሙና ናቸው፤ አንድ ወገናቸው ውኃ ይወድዳል፥ ሌላው ወገናቸው ቅባት ይወድዳል። በሻጋታው የሕዋስ ሽፋን ውስጥ ይሰኩና ቀዳዳ ያበጃሉ፥ የውስጡም ፈሳሽ ያመልጣል። ሰርፋክቲን የሚባለው ሦስተኛው ደግሞ በጭዱ ላይ እንዲንሸራተትና ቀጭን ልጣጭ መሳይ ጉባኤ ሠርቶ እንዲጣበቅ ይረዳዋል። በአጭሩ ሥራው ይዞታን ማስከበር ነው። ይህም ዘበኛ እንጂ ሐኪም እንዳልሆነ ያሳያል። አረንጓዴ በሆነ ከረጢት ላይ የባክቴሪያ ውኃ ቢረጩበት አይድንም፤ ባክቴሪያው ከሻጋታው በፊት፥ ዘሩ በሚነሰነስበት ጊዜ መግባት አለበት።

ይህ በላቦራቶሪ ብቻ የቀረ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከካሊፎርኒያ የኮክ እርሻ አፈር የተገኘ፥ ኪው ኤስ ቲ 713 የተባለ የባሲለስ ዘር ሴሬናድ በሚል የንግድ ስም ይሸጣል። ቀድሞ ሰብቲሊስ ይባል ነበር፤ ዛሬ ባሲለስ ቬሌዜንሲስ ተብሎ ይመደባል። በፈረንሳይ አገር የሻምፒኞን አምራቾች አረንጓዴውን ሻጋታ ለመከላከል በብስባሻቸው ውስጥ ይጨምሩታል። በሰርቢያ ደግሞ ሊቃውንት ባክቴሪያውን ከፕሮክሎራዝ ጋር አወዳድረዋል። ሻጋታውን በመጨቈን በኩል መርዙ ይበልጣል፤ ባክቴሪያ በገባበት ግን የእንጉዳዩ ምርት የተሻለ ሆኗል። እኛ ይህን ውጤት የምንወድደው ስለማያጋንን ነው። ባክቴሪያ ሁሉን ያድናል ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ጠርሙሱን መልሱለት።

አሁን ደግሞ ወደ ጥንቃቄው። ቀደም ብለን ወዳጅና ጠላት እንደየቦታው ነው ብለን ነበር። ይህ የምናሞግሰው ባሲለስ በጭድ ከረጢት ውስጥ ዘበኛ ሲሆን፥ የእንጉዳይ ዘር በሚዘጋጅበት የእህል ጠርሙስ ውስጥ ግን ቀንደኛ አጥፊ ነው። በደንብ ያልተቀቀለ ስንዴ ወይም ማሽላ እንደ አተላ ሲያንፀባርቅና ሲኮመጥጥ ያያችሁ ትኖራላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ሥራው የርሱ ነው። እህሉ በምግብ የበለጸገና የረጠበ ስለሆነ የተረፈው ስፖር ሁሉን ይወርራል። ስለዚህ አውቶክሌቩ ወይም የግፊት ድስቱ ለዘር ጠርሙስ የግድ ነው፤ እርሱ በሌለበት የቲንዳል የሦስት ቀን ዘዴ ይጠቅማል። ያንኑ የሦስት ቀን ዘዴ ግን በጭድ ላይ የሚሠራ ሰው ዘበኛውን በገዛ እጁ ያባርራል። ይህን ልዩነት ለየአምራቹ ብንነግር ብቻ ብዙ ማገዶ ይተርፋል።

ሌላው፥ ባክቴሪያ ሁሉ ወዳጅ አይደለም። ሱዶሞናስ ቶላሲ የተባለው በሻምፒኞንና በኦይስተር ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፥ እንጉዳዩም ከገበያ ይመለሳል፤ ይህ ከ1915 ጀምሮ ይታወቃል። በአንጻሩ ዘመዱ ሱዶሞናስ ፑቲዳ በሻምፒኞን ላይ በሚለብሰው አፈር ውስጥ ከሌለ እንጉዳዩ ፍሬ ለማውጣት ይቸግረዋል። በ1969 በእንግሊዝ አገር የተሠራ ምርምር ይህን አሳይቷል። ዛሬ እንደሚታወቀው ድሩ ራሱ ፍሬ እንዳይወጣ የሚያግዱ ተናኝ ቅመሞች ይተነፍሳል፥ ባክቴሪያዎቹም እነዚያን ያጠፉለታል። አፈሩን ፈጽሞ ያጸዳ ሰው ንጹሕና መካን የሆነ እንጉዳይ ያገኛል ማለት ነው!

አንዳንድ ወንድሞቻችን «እንግዲያው ጠርሙሱን ከውጭ አስመጥተን እንጠቀም» ይሉ ይሆናል። ለጊዜው መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ነገር ግን የኢቱሪን ታሪክ እዚህ ላይ ይመለስብናል። ይህ ባክቴሪያ በዳቦ ቤት እርሾ ዋጋ ሊባዛ የሚችል፥ በየጭዳችን ውስጥ የሚኖር ፍጥረት ነው። የጤፍ ጭድ ከሁሉ ይልቅ የሚበዛው በእኛ አገር ነው፤ በጤፍ ጭድ ላይ መኖርን የለመደው ባሲለስም እዚሁ ነው ያለው። ጃፓኖች አኩሪ አተር የሚያብላሉበትን ናቶ፥ የምዕራብ አፍሪካ እናቶችም ዳዋዳዋን የሚሠሩት በዚሁ በባሲለስ ወገን ነው። ለምግብ ሆኖ ሲኖር የኖረ ባክቴሪያ ነውና አያያዙም ከመርዝ ጋር የሚወዳደር አይደለም። እኛ የሥነ ሕይወት ተማሪዎች የአጉሊ መነጽር ፈተና ካለፍን በኋላ መነጽሩን ለምን እንደ ተማርን የምንረሳ ከሆነ፥ አገልግሎታችን ምኑ ላይ ነው?

ሥራው ከሁለተኛ ዓመት ተማሪ ዐቅም አያልፍም። ጥቂት ጭድ በውኃ ይበጠበጥና በ80 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ይያዛል፤ ከስፖር በስተቀር አብዛኛው ነገር ይሞታል። ያ ውኃ በአጋር ላይ ይቀባል፥ የሚወጡት የባክቴሪያ መንደሮችም አንድ በአንድ ይለያሉ። ከዚያ በሳህኑ መካከል አረንጓዴው ሻጋታ፥ በዳርና በዳር ባክቴሪያው ይተከላል። ሻጋታው ወደ ባክቴሪያው እያደገ ሄዶ በመካከል ባዶ ሜዳ ትቶ ከቆመ ያ ባክቴሪያ መሣሪያ አለው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደስ ብሎት ያቆማል። ነገር ግን ሁለተኛ ሳህን ያስፈልጋል፤ በመካከሉ በሻጋታው ፋንታ የኦይስተሩ ድር የሚተከልበት። ሻጋታውን የሚያቆመው ባክቴሪያ እንጉዳዩንም የሚያቆም ከሆነ እንደ ቲማቲሙ ዱቄት ነው፥ ይጣላል። ሁለቱን ሳህን ያለፈው በእውነተኛ ከረጢት ይፈተናል፥ በሳህን ላይ የበረታ ሁሉ በጭድ ላይ አይበረታምና። ከሁሉ በፊት ደግሞ የባክቴሪያው ማንነት በዘረ መል ምርመራ ይረጋገጣል። ባሲለስ ሴሬየስ የተባለው ዘመዱ በዚያው ጭድ ውስጥ የሚኖርና ሰውን በምግብ መመረዝ የሚያስታምም ነው፤ እርሱን በስሕተት አባዝቶ ለእንጉዳይ አምራች መስጠት ከሻጋታው የከፋ በደል ይሆናል። ስለዚህ ማንም ጓደኛችን በግሉ ባክቴሪያ አባዝቶ ወደ መንደር እንዳይወስድ አጥብቀን እንለምናለን። ምርመራው እስኪያልቅ ሥራው ከላቦራቶሪ አይወጣም።

እስከዚያ ድረስ አምራቾቹ ምን ያድርጉ? ያለ ባክቴሪያ ጠርሙስም የሚሠራ ነገር አለ። ጭዱ ከተቀቀለ በኋላ በተሸፈነ ዕቃ ይብረድ እንጂ በደጅ አይሰጣ። ጥቂት ኖራ ይጨመርበት፤ ትሪኮደርማ የኮመጠጠ ቦታ ይወድዳል፥ የኦይስተር ድር ግን ኖራውን ይታገሣል። ዘር አይሠሠት፤ ዘር ሲበዛ ድሩ ጭዱን ቶሎ ይይዛል። ጠዋት መጀመሪያ ወደ አዲሶቹ ከረጢቶች፥ በመጨረሻ ወደ አሮጌዎቹ ይገባ እንጂ ተገላቢጦሽ አይሁን። አረንጓዴ ቦታ የታየበት ከረጢት ክፍሉ ውስጥ አይከፈት፤ ቦታው በረጠበ ወረቀት ተሸፍኖ ከረጢቱ እንዳለ ይውጣና ይቀቀል ወይም ይቀበር። በማዕዘን መከመር ማለት የሻጋታ ዘር ጎተራ ማቆም ነው።

የእኛ ቡድን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሥነ ሕይወት ላቦራቶሪ ውስጥ መሰብሰብ ጀምሯል፤ መምህራችንም ቁልፉን ፈቅደውልናል። ለዕረፍት ወደየአገራችሁ የምትሄዱ ጓደኞች ሁሉ ስትመለሱ አንድ እፍኝ የጤፍ፥ የስንዴ ወይም የገብስ ጭድ እንድታመጡልን እንጠይቃለን። በላስቲክ አትቋጥሩት፥ ያልበዋል፤ በወረቀት ጠቅልላችሁ ከየት ወረዳና ከየት ዐውድማ እንደ ተወሰደ፥ በምን ቀን እንደ ተወሰደ ጻፉበት። የቈየ የክምር ውስጡ ከላዩ ይሻለናል። የሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪዎችም ብትመጡ ሳህን የሚያጥብ ሰው ያስፈልገናል፤ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ደግሞ የአንድ ከረጢት ወጪና ገቢ ስንት እንደሆነ ከአምራቾቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ ብታሰሉልን በጣም ይጠቅመናል።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁን።